ከየት የመጣ አርባ ሦስት ኪሎ

ሠረቀብርሃን ሰው አያምንም። አለማመኑን ግን እንደ ነውር ቆጥሮት አያውቅም። ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ነው፤ ስንት የተፋቀ ውጤት፣ ስንት በጫማ ሶል ላይ የተቀረጸ የሐሰት ማኅተም በእጁ አልፏል። ዳቦ ሲገዛ በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ ይመዝናል። ባጃጅ መልስ ሲሰጠው ብሩን ወደ ፀሐይ ያነሳል። እህቱ ይመኙሻል «አንተ እኮ ጥላህንም መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» እያለች ትስቅበት ነበር። ስትሄድ ግን ዕቃዋን ያስረከበችው ለእሱ ነው።

ይመኙሻል የአምስት ወር እርጉዝ ሆና አውስትራሊያ ውስጥ ፐርዝ ከተማ ወዳለው ባሏ በረረች። በአውሮፕላን የተፈቀደላት ሁለት ሻንጣ ብቻ ስለነበር የቀረው የቤት ዕቃዋ በካርጎ ይከተላት ተባለ። ባሏ ዘርአ ዳዊት በስልክ መከራከሩ አልቀረም። «ድስት እዚህም አገር አለ፤ ለመጓጓዣው የምንከፍለው እኮ የድስቱን ሦስት እጥፍ ነው!» አላት። እሷ ደግሞ «በማላውቀው ድስት ጎጆ አልወጣም» ብላ ድርቅ አለች። ዘርአ ዳዊት ተሸነፈ። ሰባ አራት ሺህ ብር ለሠረቀብርሃን ላከና «በዚህ ጨርስልኝ» አለው።

በዚህ ጨርስልኝ። ይህች የዘርአ ዳዊት ቃል ሠረቀብርሃን ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ከሦስት ዓመት በፊት ለሠርጋቸው ሰንጋ እንዲገዛ ገንዘብ የተሰጠው እሱ ነበር። ሰንጋው ተገዛ፣ ታረደ፣ ተበላ። ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ዘርአ ዳዊት ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ሠረቀ፣ ከበሬው የተረፈች ነገር አልነበረችም እንዴ?» ሲል ጠየቀው። እየሳቀ ነው የጠየቀው። አልተረፈም ነበር፤ እንዲያውም ሠረቀብርሃን ከኪሱ አራት መቶ ብር ጨምሮበታል። ግን በምን ያስረዳ? የከብት ገበያ ደረሰኝ አይሰጥም። ስለዚህ አሁን ለራሱ ማለ፦ ከዚህ ሰውዬ አንዲት ብር ጭማሪ አልጠይቅም። ከጠየቅሁ ሌባ ነኝ ማለት ነው።

የካርጎ ወኪሉ ፍቃዱ ይባላል። መናኸሪያው ጀርባ አንድ መጋዘን ተከራይቶ የሰው ዕቃ ይሰበስባል፤ በየሳምንቱ ረቡዕ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ያደርሳል። ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ከሁሉ ጋር «የኔ ጌታ» የሚባባል ሰው ነው። ማክሰኞ ዕለት ተንጠልጣይ ሚዛን ይዞ ቤት ድረስ መጣ። ሠረቀብርሃን አስቀድሞ አምስት ኪሎ ስኳር ከሱቅ ገዝቶ ጠበቀው።

«እስቲ መጀመሪያ ይቺን መዝናት።»

ፍቃዱ ስኳሩን አንጠለጠለ። ልክ አምስት ኪሎ።

«ደስ አለህ የኔ ጌታ?»

ሠረቀብርሃን ደስ አላለውም። ሚዛኑ ልክ ከሆነ ባለሱቁ ልክ ነው፤ ባለሱቁ ልክ ካልሆነ ግን ሁለቱም አንድ ላይ ናቸው። ያም ሆኖ ተመዘነ፤ ድስቱ፣ ሳፋው፣ ፔርሙሱ፣ ትልቁ መሶብ፣ የመንዝ ባናዋ፣ ልብሱ፣ ብርድ ልብሱ። መቶ አሥራ ስምንት ኪሎ። ኪሎው በስድስት መቶ ሃያ ብር ሰባ ሦስት ሺህ አንድ መቶ ስልሳ መጣ። የተረፈችው ስምንት መቶ አርባ ብር ለካርቶንና ለማሸጊያ ስኮች ትበቃለች። ሠረቀብርሃን በልቡ እፎይ አለ። ከፈለ፤ ደረሰኙን ተቀብሎ በሁለት በኩል ፎቶ አነሳው።

በማግስቱ እናቱ ወይዘሮ አስካለማርያም ከሚኖሩባት ከጎረቤላ መጡ። የሟች ቄስ ሚስት ናቸው፤ አገር ያከበራቸው፣ ቤታቸውን እንግዳ የማይለየው። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሁለት ጆንያ አስጭነው ነበር። ሠረቀብርሃን ጆንያዎቹን ሲሸከም «ይሄ ሁሉ ምን ያደርግልኛል እማዬ? ብቻዬን እኮ ነው የምኖረው» አላቸው።

«ዝም ብለህ ተሸከም» አሉ።

ሐሙስ የፈተና ምዝገባ ስለነበር ሲመሽ ነው ቤቱ የገባው። እናቱ ከጎረቤት ሴት ጋር ሆነው ዕቃውን በስድስት ካርቶን ከተው፣ ክዳኑን አጣጥፈው ጠብቀውታል። «ወገቤ ተቆረጠ፤ አንተ ማሸጉን ብቻ ጨርስ» አሉት። እሱም አሸገ። በእያንዳንዱ ካርቶን ስኮች ላይ፣ ግማሹ ስኮቹን ግማሹ ካርቶኑን እንዲይዝ አድርጎ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ፈረመ፤ ቀን ጻፈ። እንግዲህ ማንም ቢከፍተው ፊርማው ይሰነጠቃል። ዓርብ ጠዋት ከጫኚዎቹ አንዱ ካርቶን ብድግ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የከተታችሁበት?» ሲል አቃሰተ። ሠረቀብርሃን ነቄ ነው። ይሄ ጉርሻ ፍለጋ ነው ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ፍቃዱ ደወለ።

«የኔ ጌታ፣ ትንሽ ነገር ነበረች። ዕቃው መቶ ስልሳ አንድ መጣ።»

«ምን?»

«አርባ ሦስት ኪሎ ጨምሯል። ሃያ ስድስት ሺህ ስድስት መቶ ስልሳ ብር።»

ሠረቀብርሃን የሦስት ወር ደመወዙ መሆኑን ወዲያው አሰላ። ገንዘቡ ብቻ ቢሆን ይበደራል። ከፐርዝ የሚመጣው ጥያቄ ግን ታየው፦ ሠረቀ፣ እንዴት ነው መቶ አሥራ ስምንት በሦስት ቀን መቶ ስልሳ አንድ የሚሆነው? በእግሩ ነው ወይስ በባጃጅ መጋዘኑ የደረሰው፣ ራሱም አያስታውስም።

ካርቶኖቹን አንድ በአንድ አገላብጦ አየ። ፊርማው አልተነካም። እንግዲያው የዋሸው ሚዛኑ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«አቶ ፍቃዱ፣ ይሄ ሚዛን የትኛው ነው? ቤቴ ያመጣኸው አይደለም።»

«ያ የእጅ ነው፤ ይሄ የመሬት ነው። የእጁን ለግምት፣ ይሄን ለሂሳብ።»

«እ! ለማጥመጃ አንድ፣ ለመብያ አንድ!»

«ኧረ ተው የኔ ጌታ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ እንጂ!»

ፍቃዱ ሳቁን እንደያዘ ወጥቶ ከጎን ካለው ሱቅ አምስት ኪሎ ስኳር ተውሶ መጣና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ልክ አምስት። ሠረቀብርሃን ግን የዋዛ አይደለም።

«አምስት ኪሎ ላይ ማን ይዋሻል? እንዲህ ዓይነት ሚዛን የሚዋሸው ሲከብደው ነው።»

«እሺ አንተ ውጣበት።»

ወጣበት። ስልሳ አንድ። «ባለፈው ወር ጤና ጣቢያ ሃምሳ ዘጠኝ ነበርኩ» አለ እየወረደ።

አሁን ፍቃዱ ሳቁን አቆመ። «ስማ፣ አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሬያለሁ። አንድ ሰው ሌባ ብሎኝ አያውቅም። ካርቶኑን ክፈተውና የጨመረውን በዓይንህ እይ። ካልሆነ ክፈል። መኪናዬ ረቡዕ ይነሳል።»

ክፈተው ማለቱ ይበልጥ አስጠረጠረው። ፊርማውን በገዛ እጁ ካፈረሰ በኋላ ምን ይዞ ይከራከራል? ይሄ ሰው የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ወጥመድ። ስለዚህ ምስክር ያስፈልጋል ብሎ እናቱን በስልክ ጠራ። ወይዘሮ አስካለማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሱ።

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ አርባ ሦስት ኪሎ ጨመረ ይለኛል። አንቺ ቆመሽ እይልኝ፣ ልከፍተው ነው።»

«አይከፈትም!» አሉ።

«እንዴ? ለምን?»

«የታሸገ ዕቃ አይከፈትማ! ደግ አይደለም። ክፈለውና እንሂድ።»

ሠረቀብርሃን እናቱን አየ። እናቱ ጣሪያውን አዩ። የመጋዘኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም። ሁለት መቶ ብር የጫማ ዋጋ የሚያንገበግባቸው ሴት ሃያ ስድስት ሺህ ብር ክፈል አሉ። በዚህ ዓለም የማይጠረጥረው አንድ ሰው ነበረው፤ እሱም ቀረበት። ቢላዋ ተቀበለና ስኮቹን በረቀሰው።

ትልቁን ድስት ከፈተ፤ እስከ አፉ በሶ ነው። ትንሹ ድስት ምስር ክክ። ሳፋው በፌስታል በፌስታል የተቋጠረ ሽምብራ። የመሶቡ ክዳን በጨርቅ ታስሯል፤ ፈታው፤ የገንፎ ዱቄት ነጭ ሆኖ ተከምሯል። ፔርሙሱን ነቀነቀው፣ ተንሿሿ። ተልባ! የስኳር ዕቃው እንኳ በነጭ አዝሙድ ጢም ብሏል።

ፍቃዱ ከፔርሙሱ ተልባ መዳፉ ላይ አፍስሶ አየና መልሶ ከተተው።

«እማዬ!» አለ ሠረቀብርሃን።

«ምን እማዬ ትላለህ? ልጄ ባሏ ቤት ልትገባ ባዶ ድስት ልላክላት? ከኔ ቤት ባዶ ዕቃ ደጃፍ አልፎ ያውቃል? የጎረቤት ሰሃን ስመልስ እንኳ ቢያንስ ቆሎ ዘግኜበት ነው። እሷማ ልትወልድ ነው! ማን ገንፎ ያገነፋላታል እዚያ?»

«ምናለ ብትነግሪኝ!»

«ለአንተ? ለአንተ ብነግርህ ምስሩን በፍሬ ትቆጥረዋለህ።»

ፍቃዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ገንዘቡ ይቅር እንኳ ብንል ይሄ አይሄድም። እዚያ አገር እህልና ዘር አያስገቡም። ካገኙበት የልጅዎን ዕቃ በሙሉ ይይዙባታል።»

ወይዘሮ አስካለማርያም ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አዩት። «እህል የሚከለክል አገር የት ነው ያለው? ይሄ ሰውዬ በሶዬን ከጅሎት ነው፣ ሠረቀ።»

«ኧረ እኔ ስኳር በሽታ አለብኝ እማማ፣ በሶ አልነካም!»

«እሱማ ትላለህ።»

ሁለቱ ሲከራከሩ ሠረቀብርሃን ጆንያ አምጥቶ ይገለብጥ ጀመር። እናቱ ግን ባዶው ድስት ላይ እጃቸውን ጭነው ቆሙ። ባዶውን አይሄድም፤ የሚሄድ ከሆነ እኔን ረግጦ ነው አሉ። ቢለመኑ፣ ቢመከሩ፣ ወይ ፍንክች። ሠረቀብርሃን ዙሪያውን ቃኘ። የልብሱን ካርቶን ከፈተና የእህቱን ቀሚሶች ጠቅልሎ ድስቱ ውስጥ ጠቀጠቃቸው። ባናዋን አጥፎ መሶቡ ውስጥ ከተተ። የስኳር ዕቃውን ለሕፃኑ በተገዙት ካልሲዎች ሞላ። እናቱ ጠጋ ብለው እያንዳንዱን በጣታቸው ተጫኑ፣ ክፍት ቦታ እንዳለ ፈተሹ።

«ፔርሙሱስ?»

ፔርሙሱ ውስጥ መሐረብ ገባ። ያን ጊዜ እጃቸውን አነሱ። ከስድስቱ ካርቶን አንዱ ትርፍ ሆኖ ባዶውን ቀረ።

ሠረቀብርሃን ስኮቹን በጥርሱ ይዞ ሲያሽግ ስልኩ ጠራ። ዘርአ ዳዊት ነው። እጁ ስላልተመቸው ድምፅ ማጉያውን ከፍቶ ካርቶኑ ላይ አስቀመጠው።

«ሠረቀ፣ ዕቃው ተነሳ?»

«ረቡዕ ይነሳል። ትንሽ የኪሎ ነገር አጨቃጨቀን።»

«ጨመረብህ አይደል! ብዬ ነበር እኮ! ያ ወኪል ነው። እነሱ ሚዛን ላይ ይጫወታሉ፣ ሌባ ሁሉ! እሱ ነው አይደል?»

ፍቃዱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ወይዘሮ አስካለማርያም በስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው፣ ያለ ድምፅ በከንፈራቸው ብቻ፣ «አዎ በለው፣ አዎ በለው» ይላሉ። አንዲት ቃል ናት። አዎ ቢል እናቱ አማቻቸው ፊት አያፍሩም፣ እሱም ንጹሕ ይሆናል፣ እዚያ ማንም የማያውቀው አንድ ወኪል ሌባ ሆኖ ይቀራል። ፐርዝ ሩቅ ነው፤ ማን ያጣራል?

ሠረቀብርሃን ስኮቹን ከጥርሱ አወጣ።

«አይደለም። ሚዛኑ ልክ ነው። ከቤት ነው የተሳሳተው፤ ድስቱ ውስጥ እህል ገብቶበት ነበር፣ አውጥተነዋል።»

«እህል? ማነው እህል የከተተው?»

«ከቤት ነው አልኩህ።»

ከወዲያ ማዶ ዝምታ ሆነ። ሠረቀብርሃን ዝምታውን አዳመጠው፤ ሳይታመን ሲቀር የሚመጣውን ዝምታ ከማንም በላይ ያውቀዋል።

«እና አሁን ስንት ልላክልህ?»

«ምንም። በላክኸው አልቋል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

«እሺ፣ እንግዲህ ካልክ» ብሎ ዘጋው። ካልክ። ይቺኛዋም ሆዱ ውስጥ ቦታዋን ያዘች፤ ግን ያሰበውን ያህል አልቆረጠችውም።

እናቱ «ምነው አዎ ብትለው? ጥርስህ ይረግፍ ነበር?» ብለው ነጠላቸውን ወደ ጫፍ ሳቡና የበሶውን ጆንያ አፍ ማሰር ጀመሩ። ሠረቀብርሃን ለፍቃዱ ይቅርታ ሊል ፈለገ። ቃሉ ግን ለምዶት የማያውቀው ቃል ስለሆነ አፉ ውስጥ ዞሮ ዞሮ ቀረ። በምትኩ አምስቱን ካርቶን አንድ በአንድ ራሱ ተሸክሞ ሚዛኑ ላይ ደረደረ።

ፍቃዱ አላመሰገነውም፤ «የኔ ጌታ»ም አላለውም። ወደ ቁጥሩ ጎንበስ አለ። ከቁጥሩ ሚዛኑን ወደተጠጋው የሠረቀብርሃን ጫማ አየ።

«አንዴ ወደ ኋላ በል።»

ሠረቀብርሃን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ጨምር።»

ጨመረ። ፍቃዱ አሁንም አልረካም፤ በጉልበቱ ተንበረከከና ከሚዛኑ ሥር የገባ ነገር እንዳለ በእጁ ዳሰሰ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እማማ፣ እርስዎም ጆንያዎን ይዘው እስቲ ከበሩ ውጭ ይቁሙልኝ» አለ።