መጀመሪያ ከየትኛው ዲስክ ይነሳ

ይህ የምነግራችሁ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ቅንጣት ሐሰት ከተገኘበት፣ ሰበታ ያለችው የጽሑፍና የፎቶ ኮፒ ቤቴ ማሽን ዕድሜ ልኳን በየገጹ ላይ ጥቁር መስመር ታስምርብኝ። ምስክርም አለኝ። እኔ ስናገር እየሰማች በኮምፒውተር የምትጽፈው ሠራተኛዬ መኪያ ያን ቀን አጠገቤ ነበረች።

ጊዜው ታኅሣሥ 2008 ነው። የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ የተጋጋለበት፣ ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሰበታ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጎማ የሚጨስበት ሰሞን። እኔ በዋዜማው እህቴን ልጠይቅ ሱሉልታ ሄጄ እዚያው አድሬያለሁ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መኪያ ደወለች።

«ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ። ኦቦ ዱባለ ደግሞ መጥተው ቁጭ ብለዋል።»

ኦቦ ዱባለ የፉሪ ገበሬ ናቸው። እርሻቸው ለከተማው ማስፋፊያ ከተለኩት መሬቶች ውስጥ ገብቶ፣ «ቅሬታ ያለው እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት በጽሑፍ ያስገባ፤ ያላስገባ ተስማምቷል ተብሎ ይመዘገባል» ተብለዋል። ቅሬታቸውን ከሁለት ቀን በፊት ጽፈንላቸው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጧል፤ የቀረው ማተም ብቻ ነው። የመሬት ቢሮው በእጅ የተጻፈ አይቀበልም። እንደኛ ያሉት ቤቶች በሙሉ ዘግተዋል። እንግዲህ የሰውዬው እርሻ የተንጠለጠለው በኔ ኮምፒውተር ላይ ነው።

«ጠብቁኝ» አልኩና በእግሬ ተነሳሁ። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የሚለማመዱትን ሯጮች ጥዬ ሳልፍ አንዱ ከኋላዬ «አሠልጣኝህ ማን ነው?» አለኝ። ለመመለስ ጊዜ አልነበረኝም። ቡራዩ ስደርስ መንገዱን የዘጉት ወጣቶች ቢያንስ ሦስት ሺህ ይሆናሉ።

«ወዴት ነው ጋሼ?» አለኝ አንዱ።

«የኦቦ ዱባለን ቅሬታ ላትም።»

ድንጋዩን በእጃቸው አንስተው አሳለፉኝ። አንደኛውማ ጎንበስ ብሎ የጫማዬን ክር አሰረልኝ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ሰበታ ገባሁ፤ አላላበኝም።

መኪያ ታለቅሳለች። ኦቦ ዱባለ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ወንበር ላይ ናቸው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?»

«ፋያ» አሉ። «ሰዓቱ ስንት ሆነ?»

«ሰዓቱን ለኔ ይተዉት።»

ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ዊንዶውስ አላገኘሁም የሚል ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ነገሩ ባንድ አፍታ ገባኝ። ይህ ኮምፒውተር ሁለት ሃርድ ዲስክ አለው፤ አንዱ ዊንዶውስ የተጫነበት፣ ሌላው ፋይል ብቻ የምናስቀምጥበት። ሲነሳ መጀመሪያ ወደየትኛው ዲስክ እንደሚሄድ ተራ ይወጣለታል። ታዲያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስለሞተች መብራት በጠፋ ቁጥር ተራውን ይረሳና ዊንዶውስ የሌለበትን ያስቀድማል። ያን ቀን ደግሞ መብራቱ እንደ ዓይን ቆብ ይከደን ይገለጥ ነበር።

አጥፍቼ አበራሁት። ዲሊት የሚለውን ቁልፍ ቶሎ ቶሎ መታሁ፤ ሰማያዊው ገጽ መጣ። ቡት የሚለው ውስጥ ገባሁ፣ በቀስቷ ወርጄ ዊንዶውስ ያለበትን ዲስክ ያዝኩ፣ በመደመር ምልክቷ ወደ ላይ አወጣሁት፣ ኤፍ አሥርን ተጭኜ አስቀመጥኩ። ዊንዶውስ ብቅ ሲል መብራት ጠፋ።

«ጠፋ» አሉ ኦቦ ዱባለ።

«ይመጣል።»

መጣ። እንደገና ከዲሊት ጀመርኩ። ደግሞ ጠፋ። አሥራ ሰባት ጊዜ። አስለቃሽ ጭስ በበሩ ሥር ገብቶ ቁልፎቹ አልታይ ሲሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ በዳበሳ ሠራሁ። ስምንተኛው ላይ መኪያ እጄን ያዘችና «በቃ ይቅርብን» አለችኝ።

«እኔ እያለሁ የሰው መሬት በመብራት መጥፋት አይሄድም» አልኳት። «ቢፈልግ መቶ ጊዜ ይጥፋ፤ መቶ አንደኛው ላይ እኔ አለሁ።»

በመጨረሻ ወደ ጎረቤታችን ነጋዴ ወደ ከድሩ ሱቅ ዘለልኩ። የመኪናውን ሪሞት ቁልፍ ተቀብዬ ፈታሁና ውስጡ ያለችውን ክብ ባትሪ ወሰድኩ።

«መኪናዬን በምን ልከፍት ነው?» አለ።

«መንገዱ ዝግ ነው፤ ከፍተህ የት ልትሄድ?»

ባትሪዋን ማዘርቦርዱ ላይ ሰካሁ። ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም ተራው አልተረሳም። ለአሥራ አንድ ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ወረቀቱ ከማተሚያው ወጣ። ኦቦ ዱባለን አዝዬ ቢሮው በር ላይ ሳደርሳቸው አንድ ደቂቃ ተርፎን ነበር። «ደርሷል» የሚል ማኅተም ሲመታበት አየሁ። «ገለቶማ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ይኸው ዘንድሮም ያችኑ መሬት ሽምብራ ዘርተውባታል።

እዚህ ላይ መኪያ መጻፏን አቆመች።

«ምነው፣ እጅሽ ደከመ?» አልኳት።

«አልደከመም፣ ጋሼ ታመነ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያን ቀን እኮ እርስዎ ሱሉልታ ነበሩ። ስደውል ‹መንገዱ ዝግ ነው፣ ሌላ ቀን ይምጡ በያቸው› ብለው ዘጉት። የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው። እኔም አላለቀስኩም። በሩን ዘግተን፣ አምፖሉም ተቃጥሎ ስለነበር ኦቦ ዱባለ በስልካቸው መብራት ቁልፎቹን አበሩልኝ፣ እኔ ዲሊት መታሁ። አምስት ጊዜ ጠፋብን፤ በስድስተኛው ታተመ። በእግራቸው ሄደው አስገቡ። ጋሽ ከድሩ መኪና ኖሯቸው አያውቅም። ባትሪውም ያው የድሮው ነው፤ ዛሬ ጠዋትም ተራውን አስተካክዬ ነው ይህን የምጽፍልዎት።»