የአንድ ሰዓት ተኩል ፀሐይ

"እንደገና አስጀምሪው፤ ኮምፒውተርሽ ተሳስቷል" አለ አባቷ፣ ወንበሩን ወደ ላፕቶፑ እየጎተተ።

"አባዬ፣ አራተኛ ጊዜዬ እኮ ነው።"

ፕሮግራሙ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆኑ ባለ ስድስት ማዕዘን የበረዶ ቅንጣቶችን በሌለ ሰማይ ላይ ይበትናል፤ አሥር ሚሊዮን የፀሐይ ጨረር በመሃላቸው ያሳልፋል፤ ከዚያ ሰማዩ ምን እንደሚመስል ነጥብ በነጥብ ይሥላል። ልጅቱ ለዩኒቨርሲቲው ይህን ስትሠራ ሦስት ዓመቷ ነው። ዛሬ የምትፈትነው ግን የአባቷን ሥዕል ነው።

አባቷ የአየር ሁኔታ መዝጋቢ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በፊት በጣቢያው መዝገብ ላይ፣ ከፀሐይ በላይ የተገለበጠ ቀስተ ደመና በቀለም እርሳስ ሥሎ "እኩለ ቀን፣ ስድስት ሰዓት" ብሎ ጻፈበት። በዚያ ሰዓት ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ባልደረቦቹ ሳያምኑት "ባለ ቅስቱ" እያሉ ቀለዱበት፤ ጡረታ ሲወጣም በዚሁ ስም ሸኙት። አሁን አለቃዋ "ሥዕሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ከገጠመ ከነስማቸው በመጽሔታችን እናወጣዋለን" ብሏታል። አባቷ ከትናንት ጀምሮ ቤት ውስጥ ክራቫት አድርጎ ይውላል።

ስክሪኑ ላይ ቀለበት ወጣ። ቅስት የለም።

"ፀሐይ አናት ላይ ሆና አይሆንም። ዝቅ ላድርጋት?"

"ተያት እስቲ። ሻይሽ ቀዘቀዘ።"

ዝቅ አደረገቻት። ቅስቱ ብቅ አለ፤ ቀዩ ከታች፣ ሰማያዊው ከላይ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ።

"አባዬ! እውነትህን ነበር! ሰዓቱን ብቻ ነው የተሳሳትከው፤ እኩለ ቀን ላይ ከመዘገብከው ያየኸው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው።"

የሚዘል መስሏት ነበር። እሱ ክራቫቱን ማላላት ጀመረ።

ያኔ አባቷ ደጋግሞ የነገራት ታሪክ ትዝ አላት። በዚያው ቀን ጠዋት የጣቢያው የአየር ግፊት መለኪያ ተሰብሮ ነበር። ተረኛው ባልደረባው "አልነካሁም" ቢል ማን ይስማው? አባቷ "እኔ የገባሁት ስድስት ሰዓት ላይ ነው" ብሎ ፈረመ፤ ሰውየው ተባረረ። ሰማይ መመዝገብ ሲቀርበት ጃንጥላ መጠገን ያዘ። አባቷ ልጁን ኃላፊነት ሲያስተምር ምሳሌው ይኸው ሰው ነበር። በሰውየው የጃንጥላ ሱቅ በር ግን አሳልፏት አያውቅም፤ "ጭቃ ነው" እያለ በጋ ከክረምት ዙሪያውን ይወስዳታል።

"ጠዋት እዚያ ነበርክ" አለችው።

"ኮቴን ረስቼ ልወስድ ገብቼ... በክርኔ ነው የነካሁት። አንቺ ገና መወለድሽ ነበር።"

"እሳቸውስ ልጅ አልነበራቸውም?"

"ሦስት" አለ። መዝጋቢ ነውና ቁጥር አይስትም።

"ታዲያ ዝም አትልም ነበር? ለምን ሣልከው?"

"እንዴት ልተወው? እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።" ላፕቶፑን በመዳፉ ሊከድነው ቃጣ። "ስሚኝ፣ ፈጥሮ ነው የሣለው በያቸው። ባለ ቅስቱ ዋሸ በያቸው። እኔ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።"

በዚያ ቅስት ሠላሳ ዓመት ሲምል ኖሯል። ሚስቱ እንኳ ያላመነችው መሐላ ነበር።

ልጅቱ ሥዕሉንና ስሌቱን በአንድ ወረቀት አተመች፤ ሰዓቱን በትልቁ። ጫማዋን አጠለቀች።

"ወዴት ነው?"

"ጃንጥላ ላሠራ።"

በእጇ የያዘችው ወረቀት ብቻ ነበር።

"በዚያ በኩል ጭቃ ነው" አለ አባቷ ቀስ ብሎ።

ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል። በሩን ከፍታ በአጭሩ መንገድ ሄደች።