የመላጣው ፀጉር ቆራጭ የፖም ዛፍ

ፀጉር ቆራጩ ራሱ መላጣ ነበር። ደንበኞቹ ሲቀልዱበት አይቀየምም፤ «እኔ የራሴን ጨርሼ ነው የሰው የጀመርኩት» ይላቸዋል።

ሚስቱ ጓሮ የተከለችው የፖም ዛፍ እንደ እሱ መመለጥ ሲጀምር ግን ሳቁ ጠፋ። በየዓመቱ ቅጠሉ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ይወጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይረግፋል። ፍሬው ሳይበስል ዛፉ ራቁቱን ይቀራል።

«ጠምቶት ነው» ብሎ ፈረደ። በየምሽቱ የውሃ ጎማ ይዞ እንደ ደንበኛ ራስ ከላይ እስከ ታች ያጥበው ገባ። ጭራሽ ባሰበት። ያኔ ጥፋተኛ ፈለገ። ከአጥሩ ማዶ ያለው እኩያው ጡረተኛ ሹፌር አሮጌ መኪናውን ጓሮው ውስጥ ይጠጋግናል። «የተቃጠለ ዘይትህን እየደፋህ ዛፌን ገደልከው!» ብሎ ሰው በተሰበሰበበት ጮኸበት። ሹፌሩ «እግዜር ይይልኝ» ብሎት ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ፀጉሩን ሌላ ቤት ይቆረጥ ጀመር።

ሚስቱ ታግሣ ታግሣ አንድ ቀን ቅጠሉንም ባሏንም ይዛ ችግኝ ጣቢያ ሄደች። ባለሙያዋ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጋ አየች።

«ፈንገስ ነው። ውሃ ከላይ ያጠጡታል እንዴ?»

«በየምሽቱ!» አለ ባል በኩራት።

«ቅጠሉ ርጥብ ሆኖ ሲያድር እኮ ነው በሽታው የሚዛመተው። የረገፈውንስ ምን ያደርጉታል?»

«ሥሩ ላይ እከምረዋለሁ። ብርድ ልብስ እንዲሆነው ብዬ።»

«ያለበሱትማ ፈንገሱን ነው። እዚያው ተኝቶ ይከርምና ለሚቀጥለው ዓመት ይነሣል።»

ሚስት ፊቷን ወደ ችግኞቹ አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«እሺ፣ የሚረጭ መድኃኒት ስጪኝ።»

«የዘንድሮው አለፈ። መድኃኒቱ ለመከላከል እንጂ ለማዳን አይሆንም፤ ለከርሞ ቡቃያው ሊፈነዳ ሲል ይረጩታል። አሁን ቅጠሉን ጠርገው ያስወግዱ። ኋላ ደግሞ ቅርንጫፉን ያሳሱት፣ ንፋስ ይግባበት። ጎረቤት የፖም ዘር ካለ ግን አብሮ ይታከም፤ አለዚያ ልፋትዎ ከንቱ ነው።»

ፀጉር ቆራጩ ክው አለ። ሹፌሩ ለአበባዋ ብሎ የተከላት፣ ፍሬዋ ከኮት ቁልፍ የማትበልጥ የዱር ፖም አጥሩ ላይ ተንጋዳ ቆማለች።

«ሰውየውን በዘይት ከሰስኩት፣ ገዳዩ ግን የእኔ ውሃ!» አለ መንገድ ላይ። «ምላሴን ነበር መከርከም።»

«እሱን ለእኔ ተወውና ሂድ ይቅርታ ጠይቅ» አለች ሚስቱ።

ሄደ። ሹፌሩ በሩን ከፈተለት። ፀጉር ቆራጩ ያዘጋጀውን ንግግር ሊጀምር ሲል ዓይኑ የሰውየው ራስ ላይ ተተከለ፤ አንዱ ጎን ተጨፍጭፏል፣ ሌላው ጎፍሯል።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«አንተ ነሃ! አስኮርፈህ ለማንም ያስረከብከኝ!»

ሁለቱም ሳቁ። ይቅርታውም ከሳቁ በኋላ ቀለል ብሎ ወጣ፤ «ሰው እያየ ያለ ጥፋትህ አዋረድኩህ» አለው። ባለሙያዋ ስለ ሁለቱም ዛፎች ያለችውንም ነገረው። ሹፌሩ መጥረጊያ አነሣ።

የሁለቱንም ጓሮ ቅጠል አብረው ጠርገው ቀበሩ። ዛፎቹ እንቅልፍ ላይ ሳሉ የመግረዝ ተራ መጣ። ዕድሜ ልኩን የሰው ራስ ሲያጭድ የኖረው ሰው መጋዝ ይዞ መሰላል ላይ ወጣና አንዱንም ቅርንጫፍ ሳይቆርጥ እየነካ ይተወው ጀመር።

«ምን ያስፈራሃል?» አለው ሹፌሩ ከታች። «ይሄኛው እንደሆን መስታወት አያይም!»

ቡቃያው ሊፈነዳ ሲል አፉን በጨርቅ ሸፍኖ መርጨት ጀመረ፤ ግን ፊቱን ወደ ንፋሱ አዙሮ ኖሮ መድኃኒቱ ተመልሶ መላጣውን ሰማያዊ ቀባው። «ለራሴም መከላከያ ያስፈልገኝ ነበር» እያለ ታጠበ።

በዚያ ዓመት እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አልጠፋም፤ ቅጠሉ ግን አልረገፈም። ፖሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰለ። ሦስቱ ጓሮ ተቀምጠው በየተራ ገመጡ፤ በየተራም ፊታቸው ተጨማደደ። ለካ ዘሩ ኮምጣጣ ኖሯል!

«ለዚህ ነው የተጣላነው?» አለ ሹፌሩ።

ፀጉር ቆራጩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሚስቱ የቀረውን ሰብስባ በስኳር ልትቀቅለው ወደ ወጥ ቤት ገባች።