በመዝገቡ መሠረት

የዲዛይን መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ክፍል ገብተው ያወጁት ሕግ አጭር ነበር። ተማሪው አራት አራት ሆኖ ይቧደናል፤ በሴሚስተሩ መጨረሻ ዕቃ ጭኖ ደረጃ መውጣት የሚችል የእጅ ጋሪ ሠርቶ ያቀርባል። ለጋሪው የቡድን ውጤት ይሰጣል። ከዚያ የእያንዳንዱ ውጤት በሥራ መዝገቡ ላይ በሰፈረው ድርሻ ልክ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። አንድ ሰው ብቻውን የለፋበት መዝገብ ያመጣ ቡድን ግን አራቱም ይወድቃሉ። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ብለው ተረቱላቸው። አርባ ዘጠኙ ካፌ ቁጭ ብለው ሲያወሩ ሎሚው ማን ጫንቃ ላይ እንደሚወድቅ አልተናገሩም።

ጫንቃው የእትዬ ነበር። እትዬ ስሟ አይደለም፤ የቡድን ጓደኞቿ በቀልድ አውጥተውላት በዚያው የቀረ ነው። ለአራት ታናናሾች በኩር ሆና ያደገች ልጅ ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ብርጭቆ ሲሰብር "እኔ ነኝ" የምትለው እሷ ነበረች። እንዲህ ያለውን ሰው ሁሉም ይወደዋል። የማይወደው ምን ቆርጦት!

ትምህርቱን ከሌሎቹ ሁሉ በላይ የምትፈልገው እሷ ነበረች። በዚህ ትምህርት ቢ እና ከዚያ በላይ ያላመጣ በመጨረሻው ዓመት ወደ ማሽን ዲዛይን ክፍል አይገባም። አባቷ የበርና የመስኮት በያጅ ነው፤ "ሌላው የሣለውን ስበይድ አረጀሁ፤ አንቺ የምትሥዪው ሁኚ" እያለ ነው ያሳደጋት። እሱ ሲሠራ አጠገቡ እንድትቆም እንኳ አይፈቅድላትም ነበር፤ ዓይንሽ ይጠፋል እያለ ያባርራታል።

የቀሩት ሦስቱ እነዚህ ናቸው። አንዱ "ነገ" ይባላል፤ ምን ሥራ ቢሰጡት መልሱ እሱ ስለሆነ። ሁለተኛው "ካሜራ" ነው፤ ለሪፖርቱ ፎቶ በሚነሣበት ቀን ብቻ፣ ያውም ጓንትና መነጽር አሟልቶ ከተፍ ስለሚል። ሦስተኛዋ የአክስቷ ልጅ ናት። የአባቷ ብቸኛ እህት የወለደቻት፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብራት ያደገች፣ እዚህም አንድ የመኝታ ክፍል የምትጋራት። እሷ እንኳ ሰነፍ አልነበረችም። ግን መጋዙ ያስፈራታል፣ የብየዳው ብልጭታ ያስፈራታል፤ በዚያ ላይ በዚያ ሰሞን ፍቅር ይዟት ልቧ ከቦታው አልነበረም።

እናም እትዬ ብቻዋን ወርክሾፕ ትገባ ጀመር። ንድፉ የሷ ነው፤ በጋሪው ግራና ቀኝ ሦስት ሦስት ጎማ የተሸከመ ባለ ሦስት ማዕዘን ላሜራ አለ፤ ጋሪው ደረጃ ሲያጋጥመው ላሜራው ይዞርና የሚቀጥለው ጎማ ላይኛውን ደረጃ ይረግጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ብረቱ ላይ ግን ብየዳዋ ሦስት ጊዜ ተሰነጠቀ። የወርክሾፑ ጠባቂ ሽማግሌ ከኋላዋ ቆመው "እጅሽን አታስቸኩዪው፤ ብረቱ ሲቀልጥ እዪው፣ ከዚያ ተከተዪው" እያሉ አስተማሯት። በአራተኛው ላሜራውን በመዶሻ ቢመቱት ንቅንቅ አላለም። ያን ዕለት ደስታዋ ለብቻዋ ነበር። ለአባቷ ደውላ ልትነግረው አሰበችና ጋሪው አልቆ ይየው ብላ ተወችው።

መዝገቡ በየዓርቡ ለመምህሩ ይቀርባል። ጽሕፈቷ ያምራል ተብሎ ጸሐፊዋ እሷ ሆነች። የመጀመሪያው ዓርብ ብዕሯን ይዛ ብታስበው የሳምንቱ ሥራ ሁሉ የሷ ነው፤ እውነቱን ብትጽፈው አራቱም ገደል መግባታቸው ነው። ስለዚህ አከፋፈለችው። የቱቦላሬ ብረት ቆረጠ ብላ ለነገ ሰጠችው። የጎማውን ኩሽኔታ ገጠመ ብላ ለካሜራ ሰጠችው። የአክስቷ ልጅ ባለፈው ሴሚስተር ውጤቷ ተበላሽቶ ስለነበር ከሁሉም የሚያኮራውን፣ ብየዳውን፣ ለሷ አደረገችላት። ለራሷ ማጽዳቱንና መዝገብ መያዙን አስቀረች። መምህሩ ያውቁኛል ብላለች፤ በየሳምንቱ ግራሶ በነካው እጇ ቢሯቸው እየሄደች የምትጠይቀው እሷ ናትና። ሦስቱም ቢሆኑ ጊዜው ሲደርስ እኛ እንናገርልሻለን ብለው አፋቸውን ሞልተው ተናግረዋል። ከገጹ ግርጌ አራቱም ይፈርማሉ። ነገ ለፊርማ ብቻ ነገ ብሎ አያውቅም።

እንዲህ እያለ አሥራ አራት ሳምንት ሄደ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

በማቅረቢያው ቀን ጋሪው ስልሳ ኪሎ አሸዋ ጭኖ ሦስት ፎቅ ወጣ። የሌሎቹ ቡድኖች ጋሪ አንደኛው ፎቅ ላይ ተንኮታኩቶ ስለነበር ጭብጨባው ደማቅ ሆነ። ማብራሪያውን ካሜራ አቀረበ፤ አንደበቱ እንደሆነ ማር ነው። ስለ ብየዳው የተጠየቀችው የአክስቷ ልጅ ናት፤ እትዬ ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ያስጠናቻትን ሳትሳሳት መለሰች። ከኋላ ሆና ስትሰማት ከንፈሯ አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ውጤቱ በር ላይ ሲለጠፍ የአክስቷ ልጅ ኤ፣ ሁለቱ ወንዶች ቢ ፕላስ፣ እትዬ ሲ።

መጀመሪያ መስመር ተሳስቼ ነው ብላ በጣቷ እየተከተለች ደግማ አነበበችው። ከዚያ ቀጥታ ወደ መምህሩ ቢሮ ገባች። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ወንበር ሰጧት፣ መዝገቡን ከመደርደሪያው አውርደው ገጽ በገጽ ገለጡላት። አርባ አንድ ሥራ ተመዝግቧል። የሷ ዘጠኝ ነው፤ አምስቱ ማጽዳት፣ አራቱ መዝገብ መያዝ። እሷም ሁሉንም ከሥር ከመሠረቱ ነገረቻቸው። አዳምጠው ሲጨርሱ አንዱ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

"ይሄ የማን ጽሕፈት ነው?"

"የኔ።"

"ካልሠሩ ታዲያ ለምን ሠሩ ብለሽ ጻፍሽ?"

የእርስዎ ሕግ ነው ያስጻፈኝ የሚለው መልስ ትዝ ያላት ደረጃውን ወርዳ ግቢው ውስጥ ከቆመች በኋላ ነው። የቢሮውን በር ከመዝጋቷ በፊት መምህሩ አንድ መንገድ ነግረዋታል፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ መጥቶ የፈረምኩት ሐሰት ነው ካለ የሷን ያስተካክላሉ። ያ የመጣው ግን ትምህርቱን ይደግማል። የወርክሾፑ ሽማግሌም ሳይጠሩ ሄደው ያዩትን ተናግረው ነበር፤ መምህሩ በአክብሮት አመስግነው ውጤት የሚሰጠው በመዝገቡ መሠረት ነው ብለው መለሷቸው።

ነገ ያው "ነገ እነግራቸዋለሁ" አላት። ካሜራ የቡድን ሥራ ላይ ማን ምን ሠራ ተብሎ እንደማይቆጠር አስረድቷት ሲያበቃ ስልኩን ማንሳት ተወ። የቀረችው አንዷ ናት። እትዬ መኝታ ክፍል ስትገባ የአክስቷ ልጅ ለዕረፍት ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከት ነበር። አጠገቧ ተቀመጠች። የምትደግሚው አንድ ትምህርት ነው፤ እኔ አስጠናሻለሁ፤ ብየዳውንም እጅሽን ይዤ አለማምድሻለሁ አለቻት። ልጅቱ አንድ ቀሚስ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ ከተተች።

"እማዬ እኮ ሰምታለች" አለች። "ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ ነግራለች። አሁን ምን ብዬ ልመልሰው?"

"እኔስ? እኔ ምን ልሁን?"

"እኔ ጻፊልኝ አልኩሽ? ራስሽ ነሽ የጻፍሽው።"

ውሸት ቢሆን ይቀላት ነበር። ጻፊልኝ ያላት አልነበረም፤ ማንም አላላትም። ልጅቱ እያለቀሰች ማጣጠፏን ቀጠለች፤ እትዬ ደግሞ፣ ይቺ የማትረባ ልማድ፣ ዚፑ አልዘጋ ሲላት ሻንጣውን በጉልበቷ ተጭና ያዘችላት።

በሳምንቱ የክፍል ምደባው ወጣ። ሦስቱ ማሽን ዲዛይን ገቡ፤ እሷ ጥገና ደረሳት። በዚያው ቀን አባቷ ደወለ። አክስቷም አጠገቡ ነበረች፤ ድምጿ ከሩቅ ይሰማል፤ እልልታው አልበረደላትም።

"የአክስትሽን ልጅ ሙያ ሰማን" አለ አባቷ። "እኔ ስንት ዓመት የተቃጠልኩበትን ብየዳ በአንድ ሴሚስተር! ለመሆኑ አንቺ ምን ሥራ ደረሰሽ?"

ልትነግረው አፏን ከፈተች። አክስቷ ግን ስልኩን ቀምታ፣ ልጄን ብቻዋን ስላልተውሽልኝ ውለታሽን ፈጣሪ ይክፈልሽ ብላ መረቀቻት፤ ምርቃቱም ከልቧ ነበር። አባቷና አክስቷ አንድ ግቢ ነው የሚኖሩት፤ አንድ ወንድም አንድ እህት ናቸው። ሲ ያመጣች ልጅ ኤ ያመጣችውን ብትከስ ደግሞ ቅናት ይባላል እንጂ ማን ያምናታል? ስልኩ ወደ አባቷ ተመለሰ።

"ማጽዳትና መዝገብ መያዝ" አለችው።

አባቷ እህቱ እንዳትሰማ ይመስላል፣ ራቅ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አይዞሽ ልጄ። የሙያ እጅ ለሁሉም ሰው አይሰጥም።"

"እሺ አባዬ" አለችው።