የተኳሹ መዳፍ

እሁድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ልጃችን ገና ሁለት ወር አልሞላትም። ባለቤቴ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ መዳፉን ግንባሯ ላይ አሳረፈና፣ «ምንም የላትም፤ ደህና ናት» አለኝ።

አመንኩት። ሙቀትን በተመለከተ በሰፈራችን ከሱ በላይ የሚታመን አልነበረም። ላውንደሪ ቤት ልብስ ተኳሽ ነበር። ካውያው ለሐር ይሁን ለጥጥ መድረሱን መዳፉን ጠጋ አድርጎ ያውቃል፤ አንድም ሸሚዝ አቃጥሎ አያውቅም። የጎረቤት ልጅ ሲያተኩሰው እንኳ «እስቲ ተኳሹ ይንካው» ይባል ነበር።

ልቤ ግን አላርፍ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ጡት እንቢ ብላኛለች። አፏ ላይ ሳደርግላት ትንሽ ሳብ ታደርግና ትተወዋለች። ሌላ ጊዜ ልብሷን ስቀይርላት ቤቱን በጩኸት የምትቀውጥ ልጅ፣ ያን ቀን እግሯን አንስቼ ስለቀው ዝም ብሎ ወደቀ።

«እንቅልፍ ነው» አለ ባለቤቴ። «እንደ አባቷ እሁድን ታውቃለች።»

ታላቅ እህቴ ልትጠይቀን የመጣችው ይኼኔ ነው። ልትስማት ጎንበስ ብላ ጉንጯን አስጠጋችና ወዲያው ቀና አለች።

«ይቺ ልጅ እየነደደች እኮ ነው!»

«እትዬ ደሞ! አሁን ነክቻት የለ እንዴ?»

«በምንህ? በዚህ እጅህ? ያንተን እጅ እሳት ቢነካው ይቅርታ የሚጠይቀው እሳቱ ነው!»

ባለቤቴ ሊስቅ ጀመረና ተወው። መዳፉን ገልብጦ አየው። ስንት ዓመት በእንፋሎት የደደረ ቆዳ ነው። ከካውያ ያነሰ ሙቀት ሁሉ ለዚያ እጅ ቀዝቃዛ እንደሆነ ማናችንም አስበን አናውቅም ነበር።

ስትወለድ የተገዛው ቴርሞሜትር ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። እህቴ ከልጅቷ ብብት ሥር አደረገችው፤ ባለቤቴ ክንዷን ቀስ አድርጎ ከጎኗ ጋር ያዘላት። ሲጮህ አወጣችው፦ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሰባት። ከዚያ የልጅቷን ልብስ ገለጥ አድርጋ ደረቷን አሳየችን። ትንፋሿ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ አየር በሳበች ቁጥር ከጎድኗ ሥር ስርጉድ ይላል።

ብርድ ልብስ ሳነሳ እህቴ እጄን ያዘችኝ። «ደራርበሽ ልታፍኛት ነው? ስስ ነጠላ ይበቃታል። ተነሱ፣ ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም።»

ታክሲ ውስጥ የያዛት እሱ ነው። ጉንጩን ከራሷ ሳያነሳ፣ «የኔ እናት፣ ደርሰናል፣ ደርሰናል» ይላታል፤ ገና መንገዱን አላጋመስነውም።

የሳንባ ምች ነበር። ሐኪሟ መርፌ አስጀምራ፣ «በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ካያችሁ እቤት እንያት አይባልም። ጡት እንቢ ስትልና ስትዝል ደግሞ ቴርሞሜትርም አትጠብቁ፤ ይዛችኋት ኑ» አለችን። እሱ እንደ ተማሪ ራሱን እየነቀነቀ ሰማት።

ድና ወጣች። ከዚያ በኋላ ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ ጉንጩን ግንባሯ ላይ ያደርጋል፤ ከጠረጠረ ቴርሞሜትሩን ያመጣል። ትልቅ ልጅ ሆና እንኳ «አባዬ፣ ጺምህ ይዋጋል!» እያለች አልተወም።

አምና ዐረፈ። በታመመበት ሰሞን ትኩሳቱን የምታይለት እሷ ነበረች፤ በጉንጯ።