የያዕቆብ እናት

ጌድዮን ላምበረት አካባቢ ከሚስቱ ከውዴ ጋር ይኖራል። በአጥቢያው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መሪ ነው። አንድ ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር እንጦጦ ጫካ ሲጸልይ ዋለ። ሲመለሱ የተሳፈሩባት ሚኒባስ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ አላትና ዛፍ ገጭታ ቆመች። ሌላው ሁሉ አቧራውን አራግፎ ወረደ። የጌድዮን እግር ግን ሁለት ቦታ ተሰበረ።

እግሩ በጀሶ ታስሮ ቤቱ በተኛ በሳምንቱ የውዴ አባት ጋሽ አባይነህ ድንች ተሸክመው ከእንጦጦ ማርያም ወረዱ። ልጃቸው ጴንጤ ካገባች ወዲህ ደጇን ረግጠው አያውቁም።

"መጣሁ እንጂ አልታረቅሁም" አሉ ገና ከበሩ። ውዴ እየሳቀችም እያለቀሰችም አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

እሳቸው ጥግ ይዘው እንደተቀመጡ የጌድዮን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ኤልቃና ሊጠይቀው መጣ። ጸለየለትና "ወንድሜ፣ ጌታ የራሱን ይጠብቃል። ለጠላት በር የከፈትክበት ነገር ካለ መርምር" ብሎት ሄደ።

ጌድዮን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"ጋሼ፣ ስንነሳ ለሁሉም የጸለይኩት እኔ ነበርኩ። እነሱን ጠብቆ እኔን ለምን ተወኝ?"

"እኔ ምን አውቄ" አሉ ጋሽ አባይነህ። "ሄሮድስ ያዕቆብን በሰይፍ አስገደለው። ጴጥሮስን ደግሞ መልአክ ከወህኒ አወጣው። አንድ ምዕራፍ ላይ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ለያዕቆብ ሳይጸለይለት ቀርቶ ነው? ጴጥሮስ ተፈትቶ በር ሲያንኳኳ የያዕቆብ እናት እዚያ ቤት ብትኖር ምን ይሰማት ነበር እላለሁ። ልጄ ወንደሰኔና የጎረቤቴ የተክሌ ልጅ ባድሜ አብረው ነው የዘመቱት። እኔና ተክሌም ለማርያም አብረን ተሳልን። የሱ ልጅ ተመለሰ። ሄጄ አቅፌ ሳምኩት፤ ደስም አለኝ። ከዚያ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብቼ ጮህኩ። ያን ጊዜ 'ልጅህ ምን በድሎ ነው?' ያለኝ ቢኖር በዱላ ነበር የምለው። አሁን የሄደውን ሰውዬ እንግዳ ስለሆንኩ ነው የማርኩት።"

ውዴ የወንድሟን ስም ከአባቷ አፍ ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። እግራቸው ሥር ተቀመጠች።

"ታዲያ ቤተ ክርስቲያን መሳሙን አልተዉም?" አለ ጌድዮን።

"ተቀይሜ ቀርቼ ነበር። ግን ኩርፊያዬንስ ለማን ልንገረው? የምጣላውም እዚያው ሄጄ ነው።"

ጌድዮን አለቀሰ፤ አደጋው ከደረሰ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። አዛውንቱ "አይዞህ" እንኳ አላሉትም። አጠገቡ ተቀምጠው ጀሶው ያልደረሰበትን እግሩን አሹለት፤ ድንቹ እስኪበስልም ስለ መዝሙረ ዳዊት ቁጥር ተከራከሩ። በእሳቸው ዘጠና የሆነው በእሱ ዘጠና አንድ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ የወንደሰን ሙት ዓመት ደረሰ። ከዚህ ቀደም ተዝካር ሄዶ የማያውቀው ጌድዮን በክራንች ዳገቱን ከውዴ ጋር ወጣ። ጋሽ አባይነህ ከሩቅ ሲያዩት እንግዶቻቸውን ትተው ወረዱና ብብቱ ሥር ትከሻቸውን አስገቡ።

"ቀስ በል፣ ልጄ" አሉት።