የአቶ ገብረ መድኅን የሕይወት ታሪክ፣ በራሳቸው የተጻፈ

በቀብር ላይ ክፉ ሰው የለም። በቁሙ ለጎረቤቱ ቀዝቃዛ ውሃ ያላቀመሰ ሁሉ ሣጥኑ ሲከደን «ደግ፣ ትሑት፣ ለተቸገረ ደራሽ» ይባላል። አቶ ገብረ መድኅንን ይህ ውሸት ዕድሜ ልካቸውን ሲያበግናቸው ኖረ። ጡረታ ሲወጡ ለቡ ባለው ቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡና በቀብራቸው ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ራሳቸው ይጽፉት ጀመር።

ልጃቸው ናዝሬት «አባዬ፣ ይሄ ኮምፒውተር አንድ ቀን ቢበላሽ ልፋትህ ሁሉ ገደል ይገባል» ብላ ጽሑፉ ያለበትን ፎልደር በኢንተርኔት ከስልኳ ጋር አገናኘችው። ከዚያ ወዲህ እሳቸው የጻፉት እሷ ስልክ ላይ ይገባል፤ እሷ የነካችውም እሳቸው ጋ ይቀየራል። እሳቸው የገባቸው ግን «ቅጂው እሷ ጋ አለ» የሚለው ብቻ ነው።

ናዝሬት መካኒሳ አቦ ወዳለው ሥራዋ ስትሄድ ታክሲ ውስጥ ታነበዋለች። አባቷ እንደሚናገሩት ነው የሚጽፉት፤ ተቆጥተው። አንድ ቀን መጨረሻው ላይ ስትደርስ «የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ» ይላል። ወንድሟ ሚሳኤል የለም። ሚሳኤል በእድር ስብሰባ ተነሥቶ የአባቱን ሐሳብ በሰው ፊት ከተቃወመ ወዲህ አባትና ልጅ ተኳርፈዋል።

እዚያው ታክሲ ውስጥ «እና የአንድ ወንድ ልጅ» ብላ ጨመረች። ማታ ስታየው ጠፍቷል። ጠዋት መለሰችው። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ጠፋ። እንዲህ ሲጓተቱ ሰንብተው በመጨረሻ አባቷ ደወሉ።

«ይሄ ኮምፒውተር ታሟል። ያልጻፍኩትን ይጽፋል።»

«እኔ ነኝ አባዬ። በስልኬ።»

«በር እያለ በመስኮት ትገቢያለሽ?»

«በሩን ዘግተኸው ነዋ።»

«በእኔ ቀብር አንቺ ምን አገባሽ?»

«የማለቅሰው እኔ ነኝ እኮ።»

ዘጉባት።

ናዝሬትም የአባቷ ልጅ ናት፤ እልኸኛ። በዚያኑ ዕለት ፎልደሩን ለሚሳኤልም ከፈተችለትና «ምንም እንዳትነካ፤ አንብበህ ዝም በል» አለችው። ማን ሰምቷት። ያ ቤት አንብቦ ዝም የሚል ሰው አላፈራም።

በማግስቱ አባቷ እንደገና ደወሉ።

«ቤቴን በገዛ እጄ ሠራሁ ብዬ ጽፌ ነበር። አሁን ‹ሐሰት ነው። ብሎኬቱን ያቀበላቸው ልጃቸው ሚሳኤል ነው፤ የማድ ቤቱን ግድግዳ ያጣመሙት ግን ራሳቸው ናቸው› ይላል። አንቺ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

ጽሑፉን ጠራርገው ያጠፉታል፣ የሚሳኤልም ነገር በዚያው ያበቃል ብላ ፈራች። አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ያ ግድግዳ አልተጣመመም።»

«እሺ አባዬ።»

«ብሎኬቱንስ አቀብሎኛል። መዳፉ እስኪላጥ ነው ያቀበለኝ፤ አልዋሽም። ግድግዳው ግን ቀጥ ያለ ነው። ሰው በስልክ ተደብቆ አባቱን ይሞግታል? እሁድ ይምጣና ግድግዳው ሥር ቆሞ ይከራከረኝ። የግንበኛ ቱምቢም ይዞ ይምጣ በይው፤ እንለካለን።»

«ምሳ ልሥራላችሁ?»

«ምሳ ላይ የሚያልቅ መስሎሻል? ራትም አስቢበት» አሉና ዘጉት።